ለዶርም የትኛው ስንቅ ይሻላል? በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ወይስ ኢንዶሚ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ሰሞን ቤት ውስጥ ሁለት ሥራ ይጀመራል። አንደኛው ሻንጣ ፍለጋ፣ ሁለተኛው ገብስ መቁላት። እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ሳይቀር «ልጁ በሰው አገር ምን ሊበላ ነው» እያሉ ይሯሯጣሉ። ተማሪው ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ቢጠየቅም «ካፌ አለ አይደል እንዴ፣ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ያልፈዋል። በሶ ይዞ ግቢ መግባት ፋራነት የሚመስለው ፍሬሽ ብዙ ነው። ከወር በኋላ ቤት ደውሎ «እማዬ፣ ያ በሶ አለ?» የሚለውም እሱ ነው።

ገበያው ደግሞ ሰፍቷል። ድሮ ስንቅ ቢባል በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበር። አሁን ኢንዶሚው አለ፣ ብስኩቱ አለ፣ በላስቲክ ታሽጎ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጭኮና ድርቆሽም አለ። ሁሉንም መያዝ አይቻልም። የአውቶቡስ ጣሪያም የዶርም ሎከርም ወሰን አለው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ

በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የካፌ እራት የሚበላው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሰልፉ ይታያል። ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ በሩ ይዘጋል። ቁርስ የሚጀመረው ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ እራቱን የበላ ተማሪ እንግዲህ 13 ሰዓት ያለ ምግብ ይቆያል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሹን ላይብረሪ ሲቸክል ያመሻል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሆድ መጮኽ ይጀምራል። ላውንጅ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ኪስ አይፈቅድም።

ስንቅ በዋናነት የሚያስፈልገው ለዚች ሰዓት ነው። ሌላው ረሃብ ቀላል ነው። ረፋድ ላይ በክላስና በክላስ መሃል የሚመጣው በአንድ እፍኝ ቆሎ ይታለፋል። ሚል ካርድ የጠፋበት ወይም ካፌው ያላስደሰተበት ቀንም ይኖራል፤ እሱ ግን የየቀን ጉዳይ አይደለም። የሌሊቱ ግን በየቀኑ ይመጣል። ስለዚህ ምግቡን ሁሉ የምመዝነው ሌሊት 5 ሰዓት ላይ፣ ያለ ምድጃ፣ ስድስት ሰው በተኛበት ክፍል ውስጥ ምን ያህል ይረዳል ብዬ ነው።

ካፌውን ትታችሁ በስንቅ ልኑር የምትሉ ካላችሁ ግን አልመክርም። የካፌ ምግብ በነፃ የሚበላ ይመስላል እንጂ ዕዳ ነው። በወጪ መጋራት ውሉ መሠረት የምግቡና የመኝታው ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶው በስማችሁ ይመዘገባል። የማትበሉትን ምግብ መክፈል ጥሩ ንግድ አይደለም። ለአንድ ተማሪ የሚመደበው የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ነን ካፌ ሆናችሁ ብሩን በካሽ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ግቢው በር ላይ ያሉትን የኮንትራት ምግብ ቤቶች ዋጋ ጠይቁ። ብሩ ወሩን ሙሉ ላያደርሳችሁ ይችላል።

ምድጃውንም ነገር ከአሁኑ እንጨርሰው። ዶርም ውስጥ ምድጃም ሂተርም ክልክል ነው። በድብቅ የሚያበስል መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ ፕሮክተሩም ያውቃል። ያረጀ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ሦስት ምድጃ መሰካት ግን ሕንፃውን ከነሰዎቹ የሚያቃጥል ነገር ነው። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ያለ እሳት የሚበላውን፣ ቢበዛ በፔርሙስ የፈላ ውሃ የሚሆነውን ነው። እናታችሁ ሽሮና በርበሬ ካልያዛችሁ አትሄዱም ካለች በርበሬውን ብቻ ተቀበሉ። የካፌ ወጥ ላይ ይነሰነሳል።

በሶ

«አበበ በሶ በላ» እያልን ፊደል ቆጥረን አድገን፣ ግቢ ስንገባ በሶ ማፈራችን ይገርመኛል። ከሁሉም አማራጮች ሌሊት 5 ሰዓት ላይ የሚያሸንፈው እሱ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ገብሱ ተቆልቶ ስለተፈጨ ማብሰል አይፈልግም። ውሃና ማንኪያ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል ውሃ ይዞ የሚወፍር የአሠር (ፋይበር) ዓይነት አለው። ከሆድ ቶሎ አይወጣም። አንድ ብርጭቆ በሶ በጥብጦ የጠጣ ሰው ከብስኩት ይልቅ ረዘም ላለ ሰዓት የሚጠግበው ለዚህ ነው። 100 ግራም በሶ ወደ 350 ካሎሪና 10 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል።

አሠራሩ ሁለት ነው። የቸኮለ በውሃና በስኳር፣ ካለም በማር በጥብጦ ይጠጣዋል። ጊዜ ያለው በትንሽ ውሃ፣ በዘይት፣ በጨውና በሚጥሚጣ አሽቶ ይጨብጠዋል። ለጥናት የተጨበጠው ይሻላል ባይ ነኝ። የተበጠበጠው ሽንት ቤት ያመላልሳል፤ የዶርም ሽንት ቤት ደግሞ ሌሊት የሚናፈቅ ቦታ አይደለም።

አንድ ማሻሻያ አለ። የገብስ ፕሮቲን ላይሲን በሚባለው አሚኖ አሲድ ደካማ ነው። ጥራጥሬ ደግሞ በእሱ ሀብታም ነው። ስለዚህ ቤት ሲፈጭ ለሦስት እጅ ገብስ አንድ እጅ የተቆላ ሽምብራ ይጨመርበት። ጣዕሙ ብዙም አይለወጥም፤ ምግቡ ግን የተሟላ ይሆናል። ወፍጮ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ለእናታችሁ ንገሯት። ትንሽ ትገረማለች፣ ግን ታደርገዋለች።

የበሶ ደካማ ጎን ውሃው ነው። በሶው ስለማይበስል የውሃው ንጽሕና ሙሉ በሙሉ በእናንተ ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ በሚቆራረጥበት፣ ውሃ በጀሪካን በሚቀመጥበት ግቢ ታይፎይድና ጃርዲያ እንግዳ አይደሉም። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተጠቀሙ። ካልሆነ ውሃ አጋር ጨምራችሁ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ። «በሶ ሆዴን አይስማማኝም» ከሚሉት ብዙዎቹ የማይስማማቸው ውሃው ይመስለኛል።

ለጨጓራስ? በሶ ጨጓራን ያበርዳል ሲባል ትሰማላችሁ። ባዶ ሆድን ስለሚሞላ ማስታገሱ አይቀርም። ሕመሙ ከኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ የመጣ ከሆነ ግን በሶ አያድነውም። ተመርምሮ መድኃኒት መውሰድ ነው።

ጭኮ

ጭኮ የበሶ ሀብታም ወንድም ነው። የገብሱ ዱቄት በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ታሽቶ ይሠራል። የአርሲና የባሌ እናቶች ሲሠሩት በማንኪያ ሳይሆን በቢላ የሚቆረጥ ይመስላል። ውሃ አይፈልግም፣ ዕቃ አያቆሽሽም፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ብቻ ሌሊቱን ያሻግራል። በጣዕም ከሆነ ውድድሩ እዚህ ያልቃል።

ችግሩ ሦስት ነው። መጀመሪያ ዋጋው። የቅቤ ዋጋ የት እንደደረሰ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሁለተኛው ጾም ነው። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁና የምትጾሙ ከሆነ የቀን መቁጠሪያውን አውጥታችሁ ቁጠሩ። ረቡዕና ዓርብ አለ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ እስከ ገና ይቆያል። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ደግሞ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ይጠብቃችኋል። በጥቅምት የያዛችሁት ጭኮ ከኅዳር 15 በፊት ካላለቀ፣ ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ እያያችሁ ትራባላችሁ። ይህን የማያስብ ብዙ ሰው አለ፤ የሚጠቀመው የማይጾመው የዶርም ጓደኛው ነው።

ለሙስሊም ተማሪዎች ነገሩ ይገለበጣል። ለሰሑር እንደ ጭኮ የሚመች ነገር ማግኘት ይከብዳል። ሌሊት ተነስቶ ምንም ማብሰል የለም፣ ቅቤውና ገብሱም ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። ሁለት ሦስት ፍሬ ቴምር ካለ ደግሞ ምን ቀረ። ረመዳን በያመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ የመንፈቅ ዕረፍት ላይ ቤት ስትመጡ አስልታችሁ ያዙ።

ሦስተኛው አየሩ ነው። ደብረ ብርሃን፣ አሰላ ወይም ሮቤ ለተመደበ ጭኮ ያለ ጭንቀት ይቀመጣል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ለተመደበ ግን ቅቤው ቀልጦ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ክዳኑ ካልጠበቀ ልብሱን ያጠጣል፣ ቶሎም ይሻግታል። ቆላ የምትወርዱ ቅቤውን ተዉትና በሶውን ደረቁን ያዙ።

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ኦቾሎኒ

ቆሎ ለላይብረሪ የተፈጠረ ነው። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ እጅ አያቆሽሽም፣ ሲያንቀላፉ ማኘኩ ያነቃል። ድምፁ ግን ያጋልጣል፤ ጎረቤታችሁ ማንበቡን ትቶ እጁን ይዘረጋል።

የገብስ ቆሎ ብቻውን ከበሶ የተለየ ምግብ አይደለም። ሽምብራ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ ሲገባበት ነው ክብደት የሚኖረው። የተቆላ ሽምብራ በ100 ግራም 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ኦቾሎኒ ወደ 25 ግራም ይደርሳል፣ ካሎሪውም ከ550 በላይ ነው። ሐረርጌ የባቢሌ ኦቾሎኒ አገር ነው። ሐሮማያ ወይም ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የደረሳችሁ ከቤት አትሸከሙት፣ እዚያው ግዙ።

ኦቾሎኒ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። እርጥበት ያገኘ ኦቾሎኒ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊፈጠር ይችላል። ጉበትን ይጎዳል፣ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም አፍ ላይ የሚመር ፍሬ ካገኛችሁ «ላለማባከን» ብላችሁ አትዋጡት። ትፉት።

ዳቦ ቆሎ ሳይበላሽ ብዙ ይቆያል። ጣፋጭም ነው። ነገር ግን ዱቄትና ዘይት ስለሆነ ከብስኩት ጎን የሚመደብ ነው፤ ለሻይ እንጂ ለረሃብ አይደለም።

የቆሎ ዋናው ጉድለት ሌላ ነው። ያልቃል! የዶርም ሕግ ግልጽ ነው፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ስሙ ይነሳል። በእፍኝ የሚወሰድ ነገር ሁሉ አምስት ጓደኞች ባሉበት ክፍል ሁለት ምሽት አያድርም። በሶ ግን መበጥበጥ አለበት፣ ዕቃ ማጠብ አለበት። ልፋት ያለበት ምግብ ይበረክታል። ለዚህ ነው ሁለት ኪሎ ቆሎ ከአንድ ኪሎ በሶ ቀድሞ የሚያልቀው። ይህን መስገብገብ አትበሉት። ስንት ልያዝ ሲባል የሚታሰብ እውነት ነው።

ድርቆሽና ቋንጣ

ድርቆሽ ለእንጀራ ሱሰኛ ነው። በርበሬና ዘይት ያለው ሰው ከፔርሙስ ፈላ ያለ ውሃ ረጨት አድርጎ፣ ትንሽ ከድኖ ቢያቆየው ፍርፍር ይመስላል። «ይመስላል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እሳት ላይ የተቁላላ ሽንኩርት የሌለበት ፍርፍር የቤቱን አያህልም። ቦታም ይፈጃል፣ በጉዞ ላይ ይደቃል፣ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። ጣት ላይ ሲሰበር ቀጭ ካላለ አልደረቀም።

ጥሩነቱ የጾም መሆኑ ነው። ከካፌ የተረፈ ሽሮ ወይም ምስር ወጥ በዕቃ ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ሌሊት ላይ ንጉሥ ትሆናላችሁ። የተረፈ ወጥ ግን ከእራት እስከ እኩለ ሌሊት እንጂ ለነገ አይደር።

ቋንጣን የሚወዱት ብዙ ናቸው፣ ለዶርም የምመክረው ግን በትንሹ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ሽታው ሻንጣ ውስጥ ካለው ልብስ ጋር ይዛመዳል። ሌላም ጉዳይ አለ። የክርስቲያን ሥጋ ሙስሊሙ፣ የሙስሊም ሥጋ ክርስቲያኑ አይበላም። ስድስት ሰው በሚኖርበት ክፍል ግማሹ የማይቀምሰውን ምግብ መክፈት ይከብዳል። በሶና ቆሎ ላይ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይነሳም፤ ሁሉም እጁን ይሰዳል።

ኢንዶሚ

አሁን ወደ ተወዳጁ እንምጣ። ፈጣን ኑድል በ1958 እ.ኤ.አ ጃፓን ውስጥ ሞሞፉኩ አንዶ የሠራው ነገር ነው። እኛ ዘንድ በኢንዶኔዥያው ብራንድ ስም ስለገባ የማንም ይሁን የማን ሁሉንም ኢንዶሚ እንለዋለን። ልጆች ወደውት አደጉ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ደርሰዋል። ምርጫቸው አብሯቸው ቢመጣ አይገርምም። ዘመናዊ መስሎ መታየቱም አለበት። በሶውን ሎከር ውስጥ ደብቆ ኢንዶሚውን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ አይጠፋም።

ሐቀኛ ንጽጽር እናድርግ። በፕሮቲን ረገድ ኢንዶሚና በሶ ብዙም አይበላለጡም፤ ሁለቱም በ100 ግራም 10 ግራም አካባቢ ናቸው። በካሎሪ እንዲያውም ኢንዶሚ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ኑድሉ ከመታሸጉ በፊት ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። ልዩነቱ አሠሩና ጨው ላይ ነው። አሠር የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በልታችሁ ሳትተኙ ይርባችኋል። ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል። አንድ ፓኬት ከነቅመሙ የዚያን ግማሽ ገደማ ሊይዝ ይችላል። ሁለት ፓኬት አንድ ላይ የሚያዘጋጅ ሰው ታውቃላችሁ አይደል? ቅመሙን ግማሹን ብቻ ጨምሩ፣ ጣዕሙ አይጎዳም።

ሙቅ ውሃም ያስፈልገዋል። ፔርሙሱ ለብ ብሎ ከቆየ ኑድሉ ሳይበስል ያብጣል እንጂ አይለሰልስም። ደረቁን ሰባብረው ቅመሙን ነስንሰው እንደ ቺፕስ የሚቆረጥሙም አሉ። ምንም አልላቸውም፣ ብቻ ውሃ ይጠጡ።

ዋጋውን ማወዳደር ከፈለጋችሁ በፓኬት አትቁጠሩ። አንዱ ፓኬት ከ70 እስከ 75 ግራም ነው። ኪሎ የሚሞላው 13 ወይም 14 ፓኬት ሲሆን ነው። የፓኬቱን ዋጋ በ13 አባዙና ከአንድ ኪሎ በሶ ዋጋ አጠገብ አስቀምጡት። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እኔ ቁጥር አልጽፍላችሁም፤ ስሌቱን በሰፈራችሁ ዋጋ ሥሩት። ብስኩት ላይም እንዲሁ አድርጉ። የክሬም ብስኩት በኪሎ ሲሰላ ምን ያህል እንደሆነ ስታዩ እጃችሁን ትሰበስባላችሁ።

ኢንዶሚ ቦታ የለውም አልልም። ፈተና ያለቀ ቀን፣ ብርድ ያለበት ምሽት፣ ካፌ ያመለጠበት ቀን ትኩስ ነገር ያስደስታል። አምስት ስድስት ፓኬት መያዝ አይከፋም። ካርቶን ሙሉ መጫን ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ግቢ በር ላይ የሚሸጡት እርጥብ፣ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖም በዚሁ ዓይን ይታዩ። ትኩስ ሲሆኑ ደስ ይላሉ። ዘይቱ ጠቁሮ አረፋ ከደፈቀ ግን ብዙ ጊዜ ተመላልሶበታል፣ እለፉት።

እኔ ብሆን የምይዘው

ደጋ ለተመደበና ለማይጾም ሰው ሁለት ኪሎ ጭኮ፣ ሦስት ኪሎ በሶ፣ አንድ ኪሎ የሽምብራና የኦቾሎኒ ቆሎ። ለሚጾም ጭኮውን ቀንሶ በሶውን አምስት ኪሎ ማድረግ፣ ከተቻለ ድርቆሽ መጨመር። ቆላ ለወረደ በሶና ቆሎ ብቻ፣ በተለያየ ዕቃ። ለነን ካፌ ደግሞ ስንቁ ለወሩ መጨረሻ መጠባበቂያ ስለሚሆን ከሁሉም የሚበረክተውን በሶ አብዙ።

ከምግቡ እኩል ዕቃው ይታሰብበት። ፌስታል አይጥ አይከለክልም። ክዳኑ የሚጠብቅ ባልዲ ወይም ሰፊ አፍ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ግዙ። በሶው ውስጥ እርጥብ ማንኪያ አይግባ፤ አንድ ጠብታ ውሃ ሻጋታ ይጋብዛል። ሙሉውን በአንድ ዕቃ አታድርጉት። ትንሹ ዕቃ ለየቀኑ ይከፈታል፣ ትልቁ ተዘግቶ ይቆያል። ነቀዝ ቢገባ እንኳ አንዱን ብቻ ያጠቃል።

የዓመቱን ሁሉ በአንዴ ለመሸከምም አትሞክሩ። ወደ ከተማችሁ የሚመላለስ አውቶቡስ ካለ ቤተሰብ በረዳቱ እጅ በየሁለት ወሩ መላክ ይችላል። ሲላክላችሁ ግን ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ጠይቃችሁ መናኸሪያ ቀድማችሁ ተገኙ፣ ባልዲው ላይም ስማችሁና ስልካችሁ በማርከር ይጻፍ።